«ራሴ ጻፍኩት ብል ማን ያምነኛል?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህን ወር ደብዳቤዎች ያነበብኩት ማታ ማታ ደጅ ወንበር አውጥቼ ነው። በዚህ የድሬ ሙቀት ቤት ውስጥ እንኳን ማንበብ መቀመጥም አይቻልም። ስለ ትዳርና ስለ ቤት ኪራይ የጠየቃችሁኝ ቅር እንዳይላችሁ፣ ለሚቀጥለው አቆይቻችኋለሁ። ምን ላድርግ፣ አብዛኛው ደብዳቤ የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ሆነብኝ። ሲጠይቁት ጽሑፍ ስለሚጽፈው የሰው ሰራሽ አስተውሎት ማሽን ስለ ቻትጂፒቲና ስለ ዩኒቨርሲቲ። ተማሪው ፈርቷል፣ መምህሩ ተናዷል፣ ወላጁ ግራ ገብቶታል።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ግን አላልፍም። ስለዚህ ማሽን አምርረው ከጻፉልኝ መካከል የሦስቱ ደብዳቤ ራሱ ማሽኑ የጻፈው ይመስላል። «በአሁኑ ፈጣን ዓለም ውስጥ ቴክኖሎጂ ወሳኝ ሚና ይጫወታል» ብሎ ወሬ የሚጀምር የድሬ ልጅ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ደግሞ ማን ያውቃል፣ እንዲህ የሚጽፍም ይኖር ይሆናል። ለጊዜው ለብቻ አስቀምጫቸዋለሁ። ለዛሬ አምስቱን እንይ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ሁለተኛ ምዕራፍ ለአድቫይዘሬ ሰጠሁት። እሱ አንድ ድረ ገጽ ላይ አስገባውና «ሰማንያ ምናምን በመቶው የማሽን ነው» አለኝ። ዶርም ውስጥ ሌሊቱን ተቀምጬ ራሴ የጻፍኩት ነው። እውነት ለመናገር ሰዋስዉን እንዲያርምልኝ ብቻ ቻትጂፒቲ ላይ አስገብቼው ነበር። አሁን «እንደገና ጻፊ፣ አለበለዚያ ለዲፓርትመንቱ አሳውቃለሁ» እያለኝ ነው። ራሴ ጻፍኩት ብል ማን ያምነኛል?
እንቅልፍ ያጣች ተመራቂ፣ ከሳቢያን

መልስ፦ እኔ አምንሻለሁ። ግን የኔ ማመን ግሬድ አይሆንሽም፣ ስለዚህ ወደ ነገሩ እንግባ።

መጀመሪያ ስለ ድረ ገጹ። የማሽን ጽሑፍ እንለያለን የሚሉት እነዚህ መመርመሪያዎች እንደ ደም ምርመራ ውጤት የሚታመኑ አይደሉም። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የራሱን መለያ አውጥቶ ነበር። በሐምሌ ዘጋው። ምክንያቱ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ መሆኑ ነው አለ። እንግዲህ አባት የገዛ ልጁን መለየት ካቃተው ጎረቤት ከየት አመጣው?

በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት መመርመሪያዎችን ፈተኑ። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ቶፍል ለተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ሰጧቸው። ሁሉንም የጻፋቸው ሰው እንጂ ማሽን አይደለም። መመርመሪያዎቹ በአማካይ ከ61 በመቶ በላይ የሚሆነውን «ማሽን ነው» አሉ። የአሜሪካ ስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ድርሰት ላይ ግን ብዙም አልተሳሳቱም።

ለምን መሰለሽ? መመርመሪያው በአብዛኛው የሚያየው ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ምን ያህል የሚገመት ነው የሚለውን ነው። የሚገመት ቃል ከበዛ ማሽን ይልሻል። እኛ ደግሞ እንግሊዝኛን የተማርነው በተጠና ሐረግ ነው። ከሃይስኩል ጀምሮ «ፕሌይስ ኤ ቫይታል ሮል» እያልን፣ «ላስት በት ኖት ሊስት» እያልን ነው ያደግነው። እንዲህ ካልጻፍን ማርክ ይቀነስብን ነበር እኮ! አሁን ደግሞ እንዲህ ስለጻፍን ሌባ እንባላለን። ይሄ እኔንም ያናድደኛል።

አሁን የማይጥምሽን ልንገርሽ። «ሰዋስዉን አርምልኝ» ስትይው ማሽኑ እንደ ጎበዝ አራሚ ስህተቱን ብቻ ነክቶ አይመልስልሽም። አብዛኛውን ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን አፍርሶ በራሱ አኳኋን ይሠራዋል። ሐሳቡ ያንቺ ነው፣ ቋንቋው ግን ያንቺ ነው ለማለት ይከብዳል። ስለዚህ አድቫይዘርሽ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ብዬ ልፈርድልሽ አልችልም። የተሳሳተው ከቁጥሩ ተነስቶ «አልጻፍሽውም» ማለቱ ላይ ነው።

ምን ታደርጊያለሽ? ፍላሽሽ ላይ «ፋይናል»፣ «ፋይናል ሁለት»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» እያልሽ ያስቀመጥሻቸውን ሁሉ ሰብስቢ። ጉግል ዶክስ ላይ ጽፈሽው ከሆነ ደግሞ ተገላገልሽ፣ የትኛው መስመር በስንት ሰዓት እንደተጻፈ መዝግቦ ይይዛል። ያሰመርሽባቸውን ጽሑፎችና ማስታወሻ ደብተርሽን ያዢ። የሰዋስዉን ነገር እሱ ሳይጠይቅሽ ቀድመሽ ንገሪው፣ ከቻልሽ ለማሽኑ የሰጠሽውንና የመለሰልሽን ጎን ለጎን አሳዪው። ከዚያ «መምህር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይስጡኝና በቃል ይጠይቁኝ» በዪው። የትኛውን ጥናት ለምን እንደመረጥሽ፣ ደራሲዎቹ የት ላይ እንደማይስማሙ። ሌሊቱን የተቀመጠ ሰው ይህን ይመልሳል። ማሽን ጽፎለት ያደረ ሰው ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ኮርኒስ ማየት ይጀምራል፤ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ። ሐረር ውስጥ ማኔጅመንት አስተምራለሁ። ለስልሳ ተማሪዎች «የማስሎን የሞቲቬሽን ቲዎሪ አብራሩ» (ሰው የሚነሳሳው ፍላጎቶቹን በደረጃ ለማሟላት ነው የሚለውን) የሚል አሳይመንት ሰጥቼ ስልሳ መንታ ወረቀት ተቀበልኩ። ማጣቀሻ ብለው የደረደሯቸውን ስፈልግ ግማሾቹ በምድር ላይ የሉም። ባልደረቦቼ ሁለት ተከፍለዋል። ግማሹ ጨርሶ ይከልከል ይላል፣ ግማሹ ራሱ የፈተና ጥያቄ የሚያወጣው በማሽኑ ነው። እኔ ደክሞኛል። ይከልከል?
የተሰላቸ መምህር

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም ለዓመታት ጠመኔ ይዤ ቆሜያለሁና ድካምህ ይገባኛል። መከልከሉን ግን እርሳው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው፣ አሳይመንቱን የሚሠራው ዶርም ነው፣ አንተ እዚያ የለህም። ክፍል ውስጥ በወረቀት በምትፈትነው ላይ ከልክል፣ መብትህም ነው። ከዚያ ውጭ የማታስከብረውን ሕግ ማውጣት ራስን ማስናቅ ነው።

የሌሉት ማጣቀሻዎች ነገር ግን ደስ የሚል ነገር አለው። ማሽኑ ከመደርደሪያ መጽሐፍ አንስቶ አይገልጥም። ካነበበው እልፍ ጽሑፍ ተነስቶ «ቀጥሎ የሚመጣው ቃል የትኛው ይሆን?» እያለ ነው የሚሄደው። ማጣቀሻ ምን እንደሚመስል ጠንቅቆ ያውቃል፤ ስም፣ ዓመት፣ ርዕስ፣ የጆርናል ስም፣ ገጽ። ስለዚህ ቅርጹን ይሞላዋል። እውነት ይሁን አይሁን ከቁጥር አይገባም። አሁን አሁን ኢንተርኔት ፈልገው የሚያመጡ ስሪቶች አሉ፣ እነሱም ግን ጽሑፉ ያላለውን ብሏል የሚሉበት ጊዜ አለ። በዚህ የተያዙት ተማሪዎች ብቻ እንዳይመስሉህ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን ስድስት የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው ፍርድ ቤት አስገብተው፣ ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጥቷቸዋል። ጠበቃ እንዲህ ከሆነ የሁለተኛ ዓመት ተማሪህ ምን ያድርግ?

እና መመርመሪያ ምናምን አትፈልግ። ከማጣቀሻው ሦስቱን ምረጥና «ነገ ጽሑፉን ራሱን ይዘህልኝ ና» በለው። በቃ። አንድ ሴሚስተር እንዲህ ብታደርግ ወሬው ዶርም ለዶርም ይዞራል፣ በሚቀጥለው የሌለ መጽሐፍ አይመጣልህም።

ግን እስቲ በሐቅ እናውራ። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ንጹሕ ነበርን? አጤሬራ ማን ፈጠረው፣ ቻትጂፒቲ? የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሸጡ ፎቶ ኮፒ ቤቶች የነበሩት እኮ ቻትጂፒቲ በህዳር 2015 ከመውጣቱ ብዙ ዓመት በፊት ነው። የራሴን ልንገርህ። አንድ ኮርስ ላይ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሰጥቻለሁ። ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም። በሁለተኛው ዓመት አንድ ልጅ ፎቶ ኮፒ ሲያደርግ ገጽ አራት ተዘለለበት። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከገጽ ሦስት ወደ ገጽ አምስት ዘለው አስረከቡኝ። እኔስ? የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት ጭራሽ ልብ አላልኩትም። ማለትም እነሱ አልጻፉም፣ እኔም አላነበብኩም፣ ግሬድ ግን ሰጠሁ። ስለዚህ «የማስሎን ቲዎሪ አብራሩ» የሚለው ጥያቄ የሞተው ማሽኑ ገድሎት አይደለም፣ ድሮ ሞቶ ሳንቀብረው ቆይተን ነው።

አንተ ሐረር ነህ፤ ዕድልህን አታውቀውም። መኪና ግርግር ሂድ። ያ ሁሉ ልብስ ሰፊ መንገድ ዳር ተደርድሮ ይሰፋል፣ የሰፈሩ ስም ራሱ የመጣው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ተማሪዎችህን «ሦስት ልብስ ሰፊ አነጋግሩ፣ ረዳቱ ሥራ ለምዶ ጥሎት እንዳይሄድ በምን ይይዘዋል? ማስሎ ያለው እዚያ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» በላቸው። ማሽኑ ይህን አያውቅም። ሄዶ የጠየቀ ብቻ ነው የሚያውቀው። ጽሑፉን ለማሳመር ማሽኑን ቢጠቀም ይጠቀም፣ ወሬው የራሱ ነው።

ቀጥሎ በቃል ጠይቀው። «ስልሳ ተማሪ እንዴት?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። አምስት አምስት ደቂቃ ብትሰጥ አምስት ሰዓት ነው፣ ለሁለት ቀን ክፈለው። ስልሳ መንታ ወረቀት ማረም ከዚያ ያነሰ አይፈጅብህም፣ ያውም እየተናደድክ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ቅኔ ቤት ተማሪው ጥላ ፈልጎ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ከዚያ መጥቶ መምህሩ ፊት ይነግራል፣ መምህሩም እዚያው ይሞርደዋል። እዚያው ጀጎል ውስጥ ቁርአን የሚቀራው ልጅም ኡስታዙ ፊት ተቀምጦ በአፉ ነው የሚያሰማው። ወረቀት ተቀብሎ ቤት ሄዶ ማረም የመጣው በኋላ ነው።

በማሽን ፈተና እያወጡ ተማሪውን ስለሚከለክሉት ባልደረቦችህ ብዙ አልልም። ማውጣታቸው ነውር አይደለም፣ መደበቃቸው ነው። «ጥያቄዎቹን ሳዘጋጅ ተጠቅሜአለሁ፣ እያንዳንዱን ግን አይቼዋለሁ» ቢሉ ማን ይከሳቸዋል? ካላዩት ግን ወዮ! መልስ የሌለው ምርጫ ጥያቄ ፊት ለፊት ተፋጥጦ የሚቀረው ተማሪው ነው።

ደግሞ መመሪያ ከላይ እስኪወርድ ብለህ አትቀመጥ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2016 ብሔራዊ የሰው ሰራሽ አስተውሎት ፖሊሲ አጽድቋል፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2023 ለትምህርት ሰዎች መምሪያ አውጥቷል። ጥሩ ነው። ግን የአንተ ኮርስ ላይ ምን እንደሚፈቀድ የሚያውቀው አንተ ነህ። ግማሽ ገጽ ጻፍና የመጀመሪያው ቀን አንብብላቸው።

ጥያቄ፦ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ልጄ ኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ነው። ለዕረፍት ሲመጣ «አባዬ፣ ኮዱን አሁን ማሽን ነው የሚጽፈው» አለኝ። ታዲያ እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ የማስተምረው ለምንድነው? ብሩን ሱቁ ላይ ባውለው አይሻልም?
አንድ አባት

መልስ፦ ኧረ ይረጋጉ አባቴ። ልጅዎ እውነቱን ነው የነገረዎት፣ ግማሹን ግን አልነገረዎትም።

የኔ አባት የምድር ባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበር። ድሬን የወለዳት ባቡር መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። ከአባቴ ጋር የሚሠሩ ሁለት ዓይነት ሰዎች ነበሩ። አንዱ «ይህን ብሎን እሰር» ሲሉት የሚያስር። ሌላው ሞተሩ ሲነሳ ጆሮውን ጣል አድርጎ «የቱ ነው የታመመው?» የሚል። አሮጌው ባቡር ሲዳከም የመጀመሪያው ቤቱ ተቀመጠ። ሁለተኛው ጋራዥ ከፍቶ አይሱዙ ሲጠግን ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2016 የኤሌክትሪክ ባቡሩ ሲመረቅ አባቴ በሕይወት አልነበረም እንጂ፣ ከጓደኞቹ መካከል እሱንም ጠጋ ብለው ሊያዳምጡ የሄዱ ነበሩ።

ኮድም እንደዚያው ነው። ማሽኑ በደቂቃ ይጽፈዋል፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል። አንዳንዴ ግን የሌለ ነገር ይጠራል፣ ወይም ላይ ላዩን ሠርቶ ውስጡ ቀዳዳ ይተዋል። የሱቅዎ ሒሳብ ላይ አንዲት ዜሮ ብትዘል ማነው የሚያገኛት? ሞተሩን የሚያዳምጠው ልጅ ያስፈልጋል።

ልጅዎ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ ከፈለጉ ቀላል ነው። ማሽኑ የጻፈለትን አንድ ገጽ ያውጣና መስመር በመስመር ያስረዳዎት፤ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ እርስዎ በሚሰሙት። እርስዎ ባይገባዎትም እሱ ሲንተባተብ ይታወቅዎታል፤ ነጋዴ አይደሉ እንዴ፣ የሚዋሽ ሰው ፊት ያውቃሉ። ደግሞ ከ2015 ጀምሮ መውጫ ፈተና አለ። ኮምፒውተር ላይ ነው የሚፈተኑት፣ ስልክ አይገባም፣ ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። አራት ዓመት ማሽኑን ሲያዝ የከረመ ልጅ እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻውን ነው። ይህን አሁኑኑ ይንገሩት። ሱቁም ይኑር፣ ልጁም ይማር።

ጥያቄ፦ ቴሲሴ ላይ ቻትጂፒቲ በጣም ረድቶኛል። ስሙን ከኔ ስም ቀጥሎ አብሮ ጸሐፊ ብዬ ላስገባው? ለሐቅ ብዬ ነው።
የማስተርስ ተማሪ

መልስ፦ አቦ፣ ሐቀኝነትህ ደስ ብሎኛል፣ ግን አታስገባው። ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ማሽን ደራሲ ሊሆን አይችልም ብሎ ወስኗል። ጸሐፊ ማለት ሲጠየቅ የሚመልስ ነው፤ ዲፌንስ ቀን ቦርዱ ፊት አንተ እንጂ እሱ አይቆምም። ለምን ሥራ እንደተጠቀምክበት፣ የትኛውን ስሪት፣ መቼ የሚለውን የጥናቱ ዘዴ ላይ ወይም ምስጋናው ላይ በሁለት መስመር ጻፍ። ይበቃል።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ዲፓርትመንት ተማሪ ነኝ። ይህ ነገር በእንግሊዝኛ ሲጠይቁት ፕሮፌሰር ነው፣ በአማርኛ ሲጽፍ ግን ትናንት ቦሌ እንዳረፈ ፈረንጅ ይሆናል። ለምንድነው? የጓደኛዬ የተከፈለበት ደግሞ ከኔ ይሻላል። ይህስ ፍትሕ ነው?
ከሐረር

መልስ፦ ፍትሕ አይደለም። ምክንያቱን ግን ላስረዳሽ።

አንደኛ፣ ማሽኑ የሚያውቀው ያነበበውን ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጎን ሲቆም ከምንም አይቆጠርም። ኦሮምኛም ሶማሊኛም በዚህ አብረውን ናቸው፤ ሐረሪኛማ አይነሳ። ሁለተኛ፣ የቋንቋችን ጠባይ ነው። «ስላልነገርናችሁ» ብለሽ ስትጽፊ አንድ ቃል ነው፣ ግን ምክንያቱም፣ አሉታውም፣ ነጋሪውም፣ ተነጋሪውም እዚያው ውስጥ ታጭቀዋል። ማሽኑ እንዲህ ያለውን ቃል ቆራርጦ ነው የሚያየው። ሦስተኛ፣ ፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ ሲቀመጥ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው በተለመደው የፊደል ማስቀመጫ ሥርዓት እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት፣ ማለትም ሦስት የማስቀመጫ ቦታ፣ ይይዛል፣ የላቲኑ አንድ። ብዙ ማሽኖች ላይ ይህ ተደማምሮ አንድ ዓይነት ሐሳብ በአማርኛ ስትጽፊ ብዙ ቁራጭ ይሆንና በነጻ የተፈቀደልሽ መጠን ቶሎ ያልቃል።

የተከፈለበት ቻትጂፒቲ፣ ፕላስ የሚባለው፣ በወር 20 ዶላር ነው። ብሩ ቢገኝ እንኳ ዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ይመጣል? ውጭ ዘመድ ያለው ያስከፍላል፣ የሌለው በተሰነጠቀ ስልክና በሚያልቅ ፓኬጅ ይታገላል፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሁለቱም እኩል ይሆናሉ። መምህራን ሁሉም ተማሪ ማሽን እንዳለው አድርገው ሲያስቡ ይህን ይረሱታል። የቤት ሥራውን ቆንጆ አድርጎ ያመጣው ጎበዙ ነው ወይስ አጎቱ ሚኒሶታ ያለው?

ለአንቺ ግን አንድ ሐሳብ አለኝ። የመመረቂያ ርዕስ ካልመረጥሽ ይሄው። ሠላሳ ፈሊጣዊ አነጋገር ሰብስቢ። «ሆዴ ባባ»፣ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው»፣ «እጅ እጅ አለኝ»። የሐረርና የድሬ ሰው ብቻ የሚለውንም ጨምሪበት። ሁለቱንም ስሪት፣ ያንቺንም የጓደኛሽንም፣ ትርጉማቸውን ጠይቂያቸውና የት የት ላይ እንደሚስቱ ለዪ። ስህተቱ የሚገባት ቋንቋውን የምታውቅ ሰው ናት። ያኔ የጓደኛሽን 20 ዶላር በነጻ ትጠቀሚበታለሽ።

ወደ ሦስቱ ደብዳቤዎች ልመለስ። ድረ ገጽ ላይ አላስገባኋቸውም፣ አላስገባቸውምም። ማሽን ጻፋቸው ብዬ በአደባባይ ልናገርና ከሦስቱ አንዱ እውነተኛ ሰው ቢሆን፣ ያቺን እንቅልፍ ያጣች ልጅ የበደላት ሰው ሆኜ መቅረቴ ነው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሻይ ስጠጣ አታጡኝም። ኑና ጥያቄያችሁን በአፋችሁ ንገሩኝ። ሻዩ በኔ ነው።